መውጣቱስ ወጣ፤ እንዴት ይውረድ?

ለዛሬ ቃል የገባሁት ስለ ቤት ኪራይ ውል እንደነበር አልረሳሁም። ዳሩ ግን አንድ ደብዳቤ መጣና ተራውን ቀማው። የቤት ኪራዩ የትም አይሄድም፤ ለከርሞም ይጠብቀናል፤ እንዲያውም ጨምሮ ይጠብቀናል።

ደብዳቤውን የጻፉልኝ ታክሲ እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አባት ናቸው። ፍሬ ነገሩን በራሳቸው ቃል ላስቀምጠው፦

«ልጄ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ሞተር የሌለው፣ በሪሞት የሚነዳ አይሮፕላን ከባልሳ እንጨት ሠራ። ቅዳሜ ዕለት ሜዳ ወስጄው አበረረው። ወጣ። ደስ አለን። አሁንም ወጣ። ከዚያ በኋላ አልወርድ አለ። ልጁ ሲጨንቀው አፍንጫውን ቁልቁል ደፋው፤ ክንፉ ሰማይ ላይ ተሰበረና ቀሪው እንደ ድንጋይ ወረደ። የወደቀው ከቆመ መኪና ሁለት እርምጃ ርቆ ነው፤ መኪናው ውስጥ ደግሞ ሰው ነበር። ልጁ ይኸው ሁለት ሳምንቱ፤ የጋራዡን በር ከፍቶ አያውቅም። እናቱ ሁለተኛ እንዳይነካው ትላለች። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባህ ብሎኛል። ሞተር የሌለው ነገር እንዴት አልወርድም ይላል?»

ለእኔ የጻፉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቅዳሜና እሑድ እንደዚህ ያለውን ነገር እንደማበር ከዚህ በፊት በዚሁ ዓምድ ጠቅሼ ነበር። ያን ጊዜ «በዚህ ዕድሜው አሻንጉሊት ይዞ ሜዳ ለሜዳ ይሮጣል» ብለው የሳቁብኝ ወዳጆች እንዳሉ ደርሶኛል። ይሳቁ፤ ሳቅ በስደት አገር ቀረጥ ካልተጣለባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። የኒህን አባት ጥያቄ ግን በሳቅ የማልፈው አይደለም። የአንድ ልጅ የወራት ድካም አለበት፤ የሰው ሕይወትም ሊኖርበት ይችል ነበር።

እንግዲህ ከጥያቄው እንነሳ። ሞተር የሌለው አይሮፕላን፣ ፈረንጆቹ ግላይደር የሚሉት፣ ሁልጊዜ እየወረደ ነው። ልብ በሉ፤ ሁልጊዜ። ከእጅ ከተለቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ በዙሪያው ባለው አየር ውስጥ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነው። ጥሩ ሆኖ የተሠራ እንደ ሆነ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል። ታዲያ አየሩ ራሱ ሽቅብ የሚሄድ ከሆነስ? በትልልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሽቅብ በሚሄደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚራመድ ሕፃን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሕፃኑ እየወረደ ነው፤ ደረጃው ግን ይዞት ይወጣል። ግላይደሩም እንደዚያው ነው። አየሩ በሰከንድ ሦስት ሜትር ሽቅብ እየሄደ ግላይደሩ ግማሽ ሜትር ቢወርድ፣ በሰከንድ ሁለት ሜትር ተኩል ይወጣል ማለት ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ 600 ሜትር! አንድ ሰው ሲጋራ አጭሶ ሳይጨርስ።

ይህ ሽቅብ የሚሄድ አየር ከየት መጣ ያላችሁ እንደ ሆነ፣ ሥራው የፀሐይ ነው። ፀሐይ መሬትን እኩል አታሞቅም። የታረሰ ማሳ፣ የአስፋልት የመኪና ማቆሚያ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ከሣርና ከውሃ ይልቅ ቶሎ ይግላሉ። በላያቸው ያለው አየር ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይቀላል፤ ሲቀል እንደ ጢስ ዓምድ ተነቅሎ ይወጣል። ይህን ቴርማል ይሉታል። ዓምዱ ከፍ እያለ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበት ያለው እንደ ሆነም ጫፉ ላይ ያ እንደ ባዘቶ የሚመስለው ነጭ ደመና ይቋጠራል። ነፋስ ካለ ዓምዱ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ነፋሱ መሄጃ ያዘነብላል፤ አብሮም ይሄዳል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለኛ ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ በቄራ ሰማይ ላይ የሚዞሩትን አሞሮች ያስታውሳል። ጠዋት ዛፍና ጣሪያ ላይ ተኮልኩለው፣ ክንፋቸውን ሰብስበው፣ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ፀሐይ ጠንከር ስትል አንዱ ይነሳል፤ ሌላው ይከተላል፤ እየዞሩ እየዞሩ፣ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣ ነጥብ እስኪያክሉ ይወጣሉ። እነርሱ ስንፍና የላቸውም፤ ቴርማል ይጠብቁ ነበር እንጂ።

አሁን ወደ አደጋው። ወደ ላይ መውጣት በራሱ ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ችግር ዐይን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር የሆነ ግላይደር 600 ሜትር ርቀት ላይ ሲደርስ ጭረት ያህላል። የክንፉ ስፋት ሃያ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዚያ ርቀት ላይ ጤነኛ የሰው ዐይን ለይቶ ሊያየው የሚችለው የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ነው። ወደ አንተ ይምጣ ወይስ ካንተ ይሂድ፣ ወደ ቀኝ ያዘንብል ወይስ ወደ ግራ፣ አታውቅም። ሪሞቱ በእጅህ አለ፤ ሬድዮውም ይሠራል፤ ነገር ግን ምን ብለህ ታዘዋለህ? ያላየኸውን ፈረስ አትገራም።

ሁለተኛው ችግር ሕግ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለመዝናናት የሚበር ሰው አልባ አይሮፕላን፣ ግላይደርም ቢሆን፣ ከዐይን መሰወር የለበትም። የአየር ትራፊክ ቁጥጥር በሌለበት አካባቢም ከመሬት 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር ገደማ፣ ማለፍ አይችልም። ያንን የሦስት ሜትር ቴርማል አስቡት፤ 120 ሜትር ለመጨረስ ሃምሳ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ሕጉን የማፍረስ ሐሳብ ሳይኖርህ፣ ቆመህ እያደነቅህ ሕግ አፍራሽ ትሆናለህ። ከዚያ በላይ ደግሞ እውነተኛ ሰው የተሳፈረባቸው ትንንሽ አይሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች አሉ።

ሦስተኛው ችግር ደመናው ነው። ትልቅ የነጎድጓድ ደመና ከሥሩ ያለውን አየር እንደ ጭስ ማውጫ ይስበዋል። ይህ ለአሻንጉሊት ብቻ የሚነገር ተረት አይደለም። በ1926 ጀርመን ውስጥ ዋሰርኩፐ በሚባለው ተራራ ላይ በተደረገ የግላይደር ውድድር፣ ማክስ ኬገል የተባለው አብራሪ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ወስዶት፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሕይወት አረፈ። እስኪሞት ድረስም «ነጎድጓዱ ማክስ» እንደ ተባለ ቀረ። በ2007 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ማኒላ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ኤቫ ቪሽኒየርስካ የምትባል ፓራግላይደር አብራሪ በእንዲህ ያለ ደመና ተጠልፋ ከ9,900 ሜትር በላይ ወጣች። ራስዋን ስታ፣ ሰውነቷ በበረዶ ተሸፍኖ፣ እንደ ተአምር ነቅታ በሕይወት ወረደች። በዚያው ዕለት በዚያው ደመና የተወሰደ አንድ ቻይናዊ አብራሪ ግን ሞተ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? አየርም እንደዚያው ነው። ሲጀምር ደስ ይላል።

እንግዲህ የልጁን እጅ እንመርምር። እርሱ ያደረገውን ጀማሪ ሁሉ ያደርገዋል። ነገሩ ሽቅብ ሲሄድብህ አፍንጫውን ቁልቁል መድፋት ተፈጥሮ ነው። ዳሩ ግን ግላይደር የተሠራው አየሩን ያለ ብዙ እንቅፋት ሰንጥቆ እንዲያልፍ ነው። ቁልቁል ሲደፋ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ፍጥነቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። የአየር ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን አየሩ በክንፉ ላይ ሊያሳርፍ የሚችለው ኃይል አራት እጥፍ ነው፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ። አንድ ኪሎ የሚመዝነው ግላይደር በዚያ ፍጥነት ላይ እያለ «ቀና በል» ብለህ መዘወሪያውን ድንገት ስትስበው፣ ክንፉን ዘጠኝ ኪሎ አሸከምከው ማለት ነው። የባልሳ ክንፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ቁልቁል ሲወርድ ሳይሆን ባለቤቱ ደንግጦ ቀና ሲያደርገው ነው። ቀና ባያደርገውም ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ክንፉ ወይም ጭራው በራሱ ጊዜ እንደ ባንዲራ መርገብገብ ይጀምራል። ይህ መርገብገብ ከተጀመረ ነገሩ በዐይን ጥቅሻ ያልቃል።

ታዲያ ምን ይሁን? መንገዶቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ላስቀምጣቸው።

አንደኛውና ዋናው፣ ሳይረፍድ መውጣት ነው። ከማብረርህ በፊት «እስከዚህ ድረስ ነው» ብለህ ከፍታ ወስን። ዛሬ ከፍታውን በድምፅ የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ግላይደሩ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ የወሰንከው ከፍታ ሲደርስ ሪሞቱ ይነግርሃል። ያን ጊዜ መዞርህን ተው። ቴርማል ውስጥ የሚያቆይህ መዞሩ ነውና። ቀጥ ብለህ፣ ከወትሮው ትንሽ ፈጠን ብለህ፣ ከዓምዱ ውጣ። ሽቅብ የሄደ አየር ባለበት አጠገቡ ቁልቁል የሚመለስ አየር መኖሩ የማይቀር ነው፤ የወጣውን መተካት አለበትና። ሲያወጣህ የነበረው ሰማይ ያወርድሃል። ደመናው ሥር አትሂድ፤ በደመናና በደመና መካከል ወዳለው ሰማያዊ ክፍተት ሂድ።

አቅጣጫው ግን ወሳኝ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ እዚህ ላይ ነው። ቴርማሉ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል ብለናል። ስለዚህ ወደ ነፋሱ መሄጃ የሸሸ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድም ከዓምዱ ጋር አብሮ ይነጉዳል፣ አንድም ከወረደ በኋላ ወደ ሜዳው ለመመለስ ነፋሱን ፊት ለፊት መግፋት አለበት። ማምለጫው ነፋሱ ወደሚመጣበት ወይም ወደ ጎን ነው። ትርፍ ከፍታህን ወደ ቤትህ በሚወስደው በኩል አውለው።

ሁለተኛው መንገድ ፍሬን ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ግላይደሮች ክንፋቸው ላይ ስፖይለር አላቸው፤ ከክንፉ ጀርባ ብድግ ብሎ አየሩን የሚያውክ ሳንቃ ነው። ሌሎቹ ደግሞ በክንፉ ውስጠኛ በኩል ያሉት ፍላፖች ብዙ ቁልቁል፣ በውጭ በኩል ያሉት ኤሌሮኖች በመጠኑ ሽቅብ እንዲታጠፉ ተደርገው ይሠራሉ። ክንፉ ያን ጊዜ ከማንሳት ይልቅ መጎተት ይሆናል ሥራው። ፍሬኑ ተከፍቶ አፍንጫው ዝቅ ቢል ፍጥነቱ ይገደባል፤ ሰላማዊ ሆኖ በቁሙ እንደሚወርድ ሊፍት ይወርዳል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፍሬኑ ይቅደም፣ አፍንጫው ይከተል። አስቀድሞ ቁልቁል እየከነፈ ባለ ግላይደር ላይ ፍላፕ በድንገት ብትዘረጋ፣ ፍላፑን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ጥርሷ ይረግፋል። ሁለተኛ፣ ፍላፕ ሲወርድ አፍንጫው በአብዛኛው ቀና ማለት ይወዳል፤ ስለዚህ የጭራው እርምት አብሮ እንዲመጣ ሪሞቱ ላይ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ይህን ዝቅ ባለ ፀጥ ባለ ቀን ሞክሮ ያላስተካከለ ሰው፣ ከፍ ብሎ በጨነቀው ሰዓት ሊማረው አይችልም።

ሦስተኛው ፍሬን ለሌለው ነው። የኒህ አባት ልጅ ግላይደር ጭራው ላይ ብቻ መቆጣጠሪያ ያለው ቀላሉ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። እንደዚህ ላለው የቀረው ስፒን ነው። መዘወሪያውን ሙሉ በሙሉ ወደ ራስህ ስበህ፣ የቆመውን ጭራ ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን አዙረህ፣ እንደዚያው አጥብቀህ ትይዘዋለህ። ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል፤ ግላይደሩ እንደ እንዝርት እየሾረ ይወርዳል። የሚያስፈራ ይመስላል፤ ነገር ግን ክንፉ ስለማያነሳ ፍጥነቱ ብዙ አይጨምርም፤ ስለዚህ አይሰበርም። ለመውጣት የጭራውን መዞር ታቆማለህ፣ መዘወሪያውን ትለቃለህ፣ መሾሩ ሲቆም ቀስ ብለህ፣ በጣም ቀስ ብለህ፣ ቀና ታደርገዋለህ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እዚህ ላይ ሳይሠራ አይቀርም።

ከሩቅ ሲያዩት ስፒን የሚመስል ነገር ግን ገዳይ የሆነ ሌላ ነገር አለ። ግላይደሩ ወደ ጎን ጋድሎ እየዞረ፣ ዙሩን እያጠበበ፣ ፍጥነት እየጨመረ የሚወርድበት ነው። ልዩነቱ በጆሮም ይታወቃል፤ ስፒን ፀጥ ያለ ነው፤ ያኛው ግን ያፏጫል። ፉጨቱ እየጨመረ ከመጣ ስፒን አይደለምና እጅህን አላላ፤ መጀመሪያ ክንፉን አቃና፣ ከዚያ በኋላ አፍንጫውን ቀስ ብለህ አንሳ። ክንፉ እንደ ጋደለ መሳብ ዙሩን ማጥበብ ነው። ሁሉም ግላይደር ስፒን የሚገባ አይደለም፤ አንዳንዱ ገብቶ ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ይለወጣል። የራስህ የትኛው እንደ ሆነ በመቶ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በሰላሙ ቀን እወቀው።

ጭራሽ ከዐይን ሊጠፋ ከደረሰስ? ዐይንህን ከእርሱ ላይ አትንቀል፤ ሰው ቢጠራህም፣ ስልክ ቢጮህም አትንቀል። አጠገብህ ያለ ሰው አብሮ እንዲያይልህ ጠይቅ። ፍሬን ካለው ክፈት፤ ከዚያ ቀለል ያለ ዙር ስጠውና ያዝ። ሲዞር ክንፉ አንድ ጊዜ ፀሐይ ያበራዋል፤ ብልጭታው ወዴት እንደ ዞረ ይነግርሃል። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች የክንፉን ሥር በጥቁር ወይም በደማቅ ቀይ የሚቀቡት። ነጭ ግላይደር ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ሰማይ ላይ ግን እንደ ጨው ሟሙቶ ይጠፋል።

ሬድዮውም ራሱ መዘጋጀት አለበት። የዛሬ መሣሪያዎች ግንኙነት ቢቋረጥ ግላይደሩ ምን ያድርግ የሚለውን አስቀድመህ እንድታዝ ይፈቅዱልሃል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ነበረ ይተወዋል። የተተወ ግላይደር ግንኙነቱ ሲቋረጥ ቀጥ ብሎ መብረር ሊቀጥል ይችላል፤ ቴርማል ካገኘም ጎረቤት አውራጃ ድረስ ይሄዳል። ይልቁንስ «ከኔ ከተለየህ ፍሬንህን ከፍተህ፣ ቀለል አድርገህ እየዞርህ ውረድ» ብለህ እዘዘው። ኑዛዜ ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሬድዮ ሳይኖር በፊት በነፃ የሚለቀቁ ሞዴሎችን የሚሠሩ ሰዎች ግላይደሩ እንዳይጠፋባቸው አንድ ብልሃት ፈጥረው ነበር። ቀስ ብሎ የሚነድ የጥጥ ክር ከጭራው ጋር ያስራሉ። ክሩ ነድዶ ሲደርስ የታሰረው ላስቲክ ይቃጠላል፤ ጭራው ብድግ ይላል፤ ግላይደሩ መብረር ትቶ በሆዱ እንደ ተንሳፈፈ ቅጠል ይወርዳል። ኋላ ክሩ በትንሽ ሰዓት ተተካ። እነዚያ ሰዎች ገና ሳይለቁት የመውረጃውን ሰዓት ቆርጠው ነበር የሚለቁት።

ከሁሉ በፊት የነበረው አስተማሪ ግን አሞራው ነው። ኮሊን ፔኒኩዊክ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በሞተር ግላይደር ከአሞሮች ጋር አብሮ እየበረረ ያጠና ነበር። በ1971 ባሳተመው አንድ ጥናት የመረመረው ይህንኑ የዛሬውን ጥያቄያችንን ነው፤ አሞራ አወራረዱን እንዴት ይቆጣጠራል? የመረመረውም በሰሜን ተራሮቻችን ገደል ላይ የሚኖረውን፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ባሰሰው ጀርመናዊ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የሚጠራውን ዓይነት ነው። ይህ አሞራ መውጣት የሚያውቅ ለመሆኑ ማስረጃ አያሻውም፤ በ1973 አቢጃን አካባቢ አንዱ 37,000 ጫማ ላይ ከመንገደኛ ጄት ጋር ተጋጭቷል። ሲወርድስ? እግሮቹን ይዘረጋል። ያ ሁሉ ጉዞ ላባው ውስጥ ተደብቆ የነበረ እግር ይወጣና አየሩን ይጎትታል፤ ክንፉንም ሰብሰብ ያደርጋል። ስፖይለር ማለት ይኸው ነው። ቄራ አጥር ላይ ተቀምጠን ስናይ የኖርነውን ነገር ፈረንጅ በሚዛን ለካው።

አሁን ለልጁ አንድ ቃል። አንተ ጎበዝ፤ ሞተር የሌለውን ነገር በገዛ እጅህ ሠርተህ ሰማይ ያደረስህ ልጅ፣ ያቃተህ የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው። ድሮ ጋዜጠኛ ሳለሁ አንድ አዛውንት አርታኢ ነበሩን። ጽሑፍ ስንሰጣቸው መጀመሪያ የሚያነቡት የመጨረሻውን አንቀጽ ነበር። «መነሳትማ ሁሉም ይነሳል፤ የት እንዳረፍህ አሳየኝ» ይሉ ነበር። ጋራዡን ክፈት። አዲሱን ክንፍ ስትሠራ መሐሉ ላይ የሚያልፈውን ተሸካሚ በካርቦን አጠንክረው፤ ሁለት ስፖይለርም ጨምርበት። ደግሞም ብቻህን አትማር። ክበብ ፈልግ፤ በየከተማው አለ፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ የሚያስተምሩት ልጅ ሲያገኙ ደስታቸው ወሰን የለውም። እኔንም ያስተማሩኝ አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው።

ለአባትና ለእናት ደግሞ ሕጉን በአጭሩ ላስታውስ። አሜሪካ ላላችሁ፣ ከማብረር በፊት በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጥ አጭር የደኅንነት ፈተና አለ፤ ልጁ ይውሰደው። ግላይደሩ ከ250 ግራም በላይ ከመዘነ በአምስት ዶላር ለሦስት ዓመት ይመዘገባል፤ የተመዘገበውም መታወቂያውን በሬድዮ የምታሰማ መሣሪያ ይይዛል፤ ካልያዘ ለዚሁ በተፈቀደ ሜዳ ብቻ ይበርራል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነውና መኪናችሁን ነዳጅ ሞልታችሁ ራቅ በሉ። አውሮፓና ዐረብ አገር ያላችሁም የየአገራችሁን ደንብ ሳትጠይቁ አትልቀቁ። ሜዳውም መኪና የሚቆምበት፣ ሰው የሚቀመጥበት አጠገብ አይሁን። ሁለት ኪሎ እንጨት ከሰማይ ሲወርድ ይቅርታ ማለት አያውቅም።

ስለ ማረፉም ጥቂት ልበል፤ ከቴርማል ያመለጠ ሁሉ ደኅና አረፈ ማለት አይደለምና። ወደ ሜዳው ስትመለስ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘህ ግባ። ሞቃት ቀን ከሆነ ሜዳው ራሱ ሊያነሳህ ይችላልና ፍሬን ቶሎ ክፈት። ነገር ግን ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ሳለህ የከፈትከውን ፍላፕ በድንገት አትዝጋ፤ ያሸከመህ እርሱ ነውና ይጥልሃል። እግሩ መሬት ነክቶ እስኪቆም ድረስ እጅህ ከመዘወሪያው አይለይ።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ ረቂቁን ያነበበ አንድ ወዳጄ «ይህ ነገር ስለ ግላይደር ነው ወይስ ስለ ማኅበራችን?» አለኝ። ስለ ግላይደር ነው አልሁት። እርሱ ግን አልተወኝም። «እኛ ዘንድ ሰው ወንበር ላይ ሲወጣ ከፍታ አይወስንም፤ ስፖይለር የለውም፤ ጭራው ላይ የሚነድ ክርም አላሰረም። ከታች ያለነው አንገታችንን ቀና አድርገን ‘ወጣልን’ እያልን እናጨበጭባለን። ነጥብ ሲያክል ደግሞ ወዴት እንደሚዞር እንኳ አይታየንም። ሲወርድ አፍንጫው ተደፍቶ፣ ክንፉ ተሰብሮ፣ መኪና አጠገብ ነው» አለኝ። ያለውን እንዳለ አስቀመጥሁት፤ እኔ ምንም አልጨመርሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረትም እኔ አይደለሁም ያመጣሁት።

የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ላይ «የአመራር ዘመን» የሚል ተራ ቁጥር እንዳለ ሰምቻለሁ። የምትሄዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ ወንበር ቶሎ ይሞላል። እኔም የቤት ኪራዩን ውል ይዤ ሳምንት እመለሳለሁ።

ቸር ይግጠመን።